ለእጄ የተጠረበ እጀታ

ሙግት ተሸንፌ አላውቅም ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ዋጫ ከተማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ከባጃጅ ሹፌር ጋር ይሁን፣ ከልብስ ሰፊ ጋር ይሁን፣ ከገዛ ወንድሞቼ ጋር ይሁን፣ የመጨረሻውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጠበቃውን ይዞ ይምጣ» ትለኝ ነበር። እንግዲህ ይህች ሴት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቦንጋ ላይ ሙግቱን አሸንፋ ከጨረሰች በኋላ በራሷ ላይ እንዴት እንደፈረደች ላጫውታችሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ነኝ፤ እናቴ ባታምነኝም።

ያኔ ሳጅን ነበርኩ። ሥራዬ በጣቢያችን የአቤቱታ መዝገብ መያዝ ነው። የጠፋ በሬ፣ የተገፋ ድንበር፣ የተሰደበች ሚስት፣ ሁሉንም ጽፌ ቁጥር እሰጣለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ አልወጣሁም። በዓመት አንዴ ብቻ ሁላችንም ለተኩስ ልምምድ ወደ ሜዳ እንወርዳለን። ታዲያ ሽጉጥ ስይዝ ምላሴ ዝም ይላል፤ ትከሻዬ ይረጋል፤ ከዒላማው በቀር ምንም አይታየኝም። አዛዣችን ኢንስፔክተር ደምሴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው አይተውኝ «ሳጅን አስቴር፣ አንቺ ዝም ስትዪ ያየሁሽ ዛሬ ገና ነው» አሉኝ። ሲስቁ ቆይተው ግን ስሜን ለዞኑ የሽጉጥ ዒላማ ውድድር ላኩት።

ውድድሩ ሁለት ምድብ ነበረው። አንደኛው መደበኛ ይባላል፤ ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደወጣ መሆን አለበት። ሁለተኛው ነፃ ምድብ ነው፤ እዚያ እጀታም ቀይር፣ ማነጣጠሪያም ቀይር፣ ለሰው አደጋ እስካልሆነ ድረስ የሚጠይቅህ የለም። ከየምድቡ አንደኛ የሚወጣው ከክልሉ ቡድን ጋር አዲስ አበባ ሄዶ ይወዳደራል። ከወረዳችን አንድም ሰው ሄዶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ያንን ዕድል እንደምን እንደፈለግሁት! ከዚያ ጠረጴዛ የምነሣበት ሌላ በር አልታየኝም። በመደበኛው ምድብ የሚያሰጋኝ ከደካ የሚመጣው ኮንስታብል ታሪኩ ብቻ ነበር። ነፃውን ምድብ ያሰበውም የለም፤ እዚያ ያሉት የቦንጋ ሰዎች አፈሙዙ የረዘመ፣ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ መነጽር የተገጠመለት ሽጉጥ ይዘው ነው የሚቆሙት።

ውድድሩ ሁለት ወር ሲቀረው ሽጉጤን ስወለውል ከእጄ አመለጠኝና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ጥይት አልነበረበትም፤ ጥቁሩ የፕላስቲክ እጀታ ግን በአንድ ጎኑ ለሁለት ተሰነጠቀ። ምትክ ይላክልን ብለን ደብዳቤ ጻፍን፤ «በክምችት የለም» የሚል መልስ መጣ። ኢንስፔክተር ደምሴ በመልሱ ግርጌ «በአካባቢው ባለሙያ ተተክቶ ይሠራ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተምም አሳረፉበት። እኔም ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የአካባቢው ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ።

የአካባቢው ባለሙያ ጋሽ ኮጪቶ ናቸው። በገበያው ዳር የገጀራና የመጥረቢያ እጀታ የሚጠርቡ ሽማግሌ ናቸው፤ የቡና ማሳ የሚመነጥር ሁሉ ደንበኛቸው ነው። እጀታ አስቀድመው ጠርበው፣ ደርድረው ሸጠው አያውቁም። መጀመሪያ በፀሐይ የለሰለሰ የማር ሰፈፍ እጅህ ላይ ያስቀምጡና «ሥራ» ይሉሃል። ሰፈፉን ጨብጠህ፣ ቡና ሥር እንደምትመነጥር ሁሉ ክንድህን ታወዛውዛለህ። ከዚያ ሰፈፉ ላይ የቀረውን የጣቶችህን ምልክት እያዩ እንጨቱን ይጠርባሉ። ያንን ገጀራ ወንድምህ ቢያነሣው አይመቸውም፤ አንተ ግን ቀኑን ሙሉ ብትመነጥርበት እጅህ ውኃ አይቋጥርም።

«አንተ ልጅ፣ ያዝ» አሉኝ ሰፈፉን እየሰጡኝ። የጋሽ ኮጪቶ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። በአካባቢያችን ቋንቋ በካፊኖኖ ባናግራቸውም በአማርኛ ነው የሚመልሱልኝ፤ ከመንግሥት ጋር የተያያዘ ነገር በአማርኛ ካልሆነ አይጸናም ብለው ያምናሉ።

«ጋሽ፣ ይሄ እኮ ገጀራ አይደለም።»

«እጅ ያው እጅ ነው። ያዝና ተኩስ።»

ሰፈፌን ጨብጬ፣ በገበያ መሐል፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አነጣጠርኩ። ፊት ለፊቴ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ገበያው በሳቅ አውካካ።

በአራተኛው ቀን የዋንዛ እጀታዬ ደረሰ። ሁለቱንም ጎን ነበር የሠሩት። «የተሰበረው አንዱ ብቻ ነው» ብላቸው «አንድ እግር ጫማ ብቻ ገዝተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ሽጉጡን ስጨብጠው እያንዳንዱ ጣቴ ማረፊያውን አገኘ። ሜዳ ወርጄ ተኮስኩበት። በአሮጌው እጀታ አምስት ጥይት ብተኩስ ሰሃን በሚያህል ቦታ ይበተንብኝ ነበር፤ በአዲሱ አምስቱም የሲኒ ማስቀመጫ በሚያህል ቦታ ገቡ። «ጎብዣለሁ» አልኩ ለራሴ። አልፎ አልፎ «እጀታው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» የሚል ሐሳብ ብቅ ይልብኛል። እሱንም እንደ ልማዴ ተሟግቼ እረታዋለሁ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። በማለዳ ከዋጫ በሚኒባስ ተነሣን፤ ኢንስፔክተር ደምሴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አጠገቤ ደግሞ ኮታቸውን ግጥም አድርገው የለበሱት ጋሽ ኮጪቶ። «እጀታዬ ሲተኩስ ማየት አለብኝ» ብለው የመጡ ናቸው። መንገዱን በሙሉ ለተሳፋሪው ሁሉ የእጀታውን ታሪክ በካፊኖኖ ሲያወሩ፣ ሲኩራሩ ሄዱ። ቦንጋ ስንደርስ ከተማዋ ጉም ተከናንባ ነበር። ውድድሩ የሚካሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ፣ ድንጋይ ወጥቶበት ያለቀ ካባ ውስጥ ነው፤ ዙሪያው ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ ስለሆነ ጥይት የትም አይሄድም።

ከመግቢያው ላይ በሸራ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። እዚያ የተቀመጡት መምህር ይርጋ ናቸው፤ ከጎንደር በኩል ተመድበው የመጡ የስፖርት መምህር፣ የውድድሩም ዋና ዳኛ። ሰዉ «አቶ አይፈቀድም» ይላቸዋል። ፊታቸው የደንብ መጽሐፍ፣ ውፍረት የሚለኩበት ካሊፐር፣ የምላጩን ጥንካሬ የሚፈትሹበት የብረት ሚዛን ተደርድሯል። አንድ ሽጉጥ ይቀበላሉ፤ ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ ያያሉ፤ ይለካሉ፤ ይጽፋሉ። አይቸኩሉም።

ተራዬ ደርሶ ሽጉጤን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ከኋላዬ ድምፅ ተሰማ።

«ይቅርታ መምህር። ያ እጀታ የፋብሪካ አይደለም።»

ዞር ስል ታሪኩ ነው፤ የደካው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ረጋ ያለ ሰው። ደሜ ፈላ።

«ማን ጠየቀህ አንተን?»

«ማንም። መደበኛ ምድብ ስለሆነ ነው ያልኩት።»

ደብዳቤዬን ከኪሴ መዝዤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «ይኸው መምህር! የአዛዥ ፊርማ አለው። ማኅተም አለው!»

መምህር ይርጋ መነጽራቸውን አስተካክለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ማኅተሙ ትክክል ነው» አሉ። «እርስዎ ያለ ፈቃድ እንዳልቀየሩት ያስረዳል። በመደበኛ ምድብ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ግን ማኅተም አይመልሰውም።»

እንግዲህ ሙግት ማለት ይሄ ነው። ወገቤን ያዝኩ። «መልካም! የተቀየረ ዕቃ አይፈቀድም ከተባለ የሁሉም ይፈተሽ። እዚህ ሰልፍ ላይ ከቆመው ውስጥ ከፋብሪካ እንደወጣ ሽጉጥ ያለው ማን ነው? የሁሉም ይፈታ!»

ኢንስፔክተር ደምሴ በክርናቸው ጎሸሙኝ፤ ዘግይተዋል። መምህር ይርጋ ሰልፈኛውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱና «ይፈታ» አሉ።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የታየው ጉድ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። የአንዱ ሽጉጥ ሞላው ተለውጧል። የሌላው የፊት ማነጣጠሪያ ተሰብሮ በበያጅ ተበይዷል። ከአንድ ሽማግሌ ዋና ሳጅን የጥይት ካርታ ሥር የቆርቆሮ ቁራጭ ተገኘ፤ «እኔ ስረከበው እንደዚህ ነበር» ብለው ማሉ። የታሪኩ ተራ ሲደርስ መምህር ይርጋ የእጀታውን ብሎን በመፍቻ አወጡና ወደ ብርሃን አነሡት። አገላበጡት። ዳር ላይ ቆሞ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ጠጋ ብሎ አየና «የእኔ የጎን መስታወት ብሎን እኮ ነው ይሄ!» አለ።

ካባው በሳቅ ተናጋ። እኔማ ይህን ዕድል ላሳልፍ? «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አልኩ ጮክ ብዬ። ታሪኩ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ግን እሱም ሳቀ። «ዋናው ብሎን ጫካ ውስጥ ወደቀብኝ» አለ። «ደካ ላይ ብሎን የሚገኘው ባጃጅ ላይ ብቻ ነው።»

ምንም ሳይነካ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ የተገኘው አንድ ሽጉጥ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ከሣጥኑ አውጥቶት አያውቅም።

ሳቁ ሲበርድ መምህር ይርጋ ተነሥተው ቆሙ። ያኔ «አቶ አይፈቀድም» ያልናቸው ሰው ምን ዓይነት ዳኛ እንደሆኑ አየሁ። «ጥብቅ ብል ዛሬ የሚተኩሰው ትራፊኩ ብቻ ነው» አሉ። «ደንቡ ግን እንደዚያ አይልም። የተሰበረ ዕቃ መተካት ይፈቀዳል። የተተካው በመጠን፣ በቦታና በአገልግሎት ከነበረው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከነበረው የተሻለ ከሆነ ግን ምትክ አይባልም፤ ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያ ደግሞ ወደ ነፃ ምድብ ይሄዳል። ብሎን ሽጉጥ አያሻሽልም፤ አልፏል። የተበየደው ማነጣጠሪያ ከፍታው ያው ነው፤ አልፏል።» እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ አሳለፉ። በመጨረሻ የእኔን እጀታ አነሡ።

በካሊፐር ለኩት። ውፍረቱ ከተፈቀደው አላለፈም። ርዝመቱም አላለፈም። ከዚያ ሽጉጡን ራሳቸው ጨበጡት፤ ወደ ዒላማው ዘረጉት፤ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«እውነቱን ለመናገር፣ አይመችም» አሉ። «ጣቴን ይገፋኛል። ከፕላስቲኩ ይብሳል እንጂ አይሻልም።»

ይህን ጊዜ ከዳር የነበሩት ጋሽ ኮጪቶ ቱግ አሉ። ሥራቸው በአደባባይ ተሰደበ። አማርኛውም፣ መንግሥቱም ተረሳቸው፤ በካፊኖኖ ጮኹ። «ይሄ ሰውዬ ምን ያውቃል! ለእሱ እጅ ነው እንዴ የሠራሁት? ለእሷ እጅ ነው! በፊት ስትተኩስ ትበትን ነበር፤ እኔ ከሠራሁላት ወዲህ አትስትም!»

መምህር ይርጋ ካፊኖኖ አይሰሙም። ኢንስፔክተር ደምሴም ቦታው ላይ ከተመደቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ታሪኩ ግን የደካ ልጅ ነው፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አባት ምን አሉ?» ሲሉ መምህር ይርጋ እኔን ጠየቁኝ።

«ሥራቸውን እያሞገሱ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

«የሚገባቸው ነው፤ እንጨቱ ሲያምር!» አሉና ከመጽሐፋቸው ውስጥ አንድ ቅጽ አውጥተው አቀረቡልኝ። ዕቃ የቀየረ ሁሉ የሚፈርመው ነው፤ ታሪኩም ሽማግሌው ዋና ሳጅንም ቀደም ብለው ፈርመዋል። በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች፦ የተካሁት ዕቃ የተሰበረውን ከመተካት ያለፈ ጥቅም አይሰጠኝም።

«መለኪያው አሳልፎዎታል» አሉኝ። «የእኔም እጅ አሳልፎዎታል። የእርስዎ እጅ ምን እንደሚል ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ይፈርሙና ይግቡ።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አብራችሁኝ ቁሙ። ሙግቱን አሸንፌያለሁ። በከሳሼ ላይ ሰው አስቄያለሁ። ዳኛው ከጎኔ ናቸው። የሚቀረኝ ስሜን መጻፍ ብቻ ነው፤ ስም መጻፍ ደግሞ የስድስት ዓመት ሥራዬ ነው። በመደበኛው ምድብ ያን ቀን እንደማሸንፍ በአጥንቴ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ በዚያች እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበረች።

እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ስንት ሰው እንዲህ ከፊቴ ቆሞ፣ ያነበበውን ቃል አይቶ፣ ላቡን ጠርጎ እንደፈረመ ትዝ አለኝ። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ሰዉ ሲዋሽ ከእጁ አውቅበት ነበር። እስክሪብቶውን አጥብቆ ይይዛል። የራሴን እጅ አየሁት፤ ጣቶቼ ነጭ ሆነዋል።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ይጠቅመኛል» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«እጀታው። ይጠቅመኛል። ሽማግሌው ያሉትም ይህንኑ ነው፤ አዙሬ ነው የነገርኩዎት። ለእጄ ተለክቶ ነው የተጠረበው። በፊት ጥይቴ ይበተን ነበር፤ አሁን አይበተንም። እርስዎን ያልተመቸዎት የእኔ ስለሆነ ነው።»

ከዚያ ኢንስፔክተር ደምሴ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ወረወሩት። «አንቺ ሴት! ሁለት ዓመት ስትሟገቺኝ ኖረሽ፣ ዝም በይ ያልኩሽ ቀን ሁሉ ተናግረሽ፣ ዛሬ ነው እውነት የሚወጣሽ?» ወዲያው ወደ ጋሽ ኮጪቶ ዞሩ። «ጋሼ፣ ትንሽ ቢልጉት ምናለበት? ለጥ ያድርጉት!»

ጋሽ ኮጪቶ ባዶውን ሽጉጥ ከነእጀታው ከጠረጴዛው አንሥተው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ልጅህን ግደል በለኝ» አሉ በአማርኛ። «እሱን ባደርግ ይቀለኛል።»

«ማንም አይልገውም» አልኩ። እኔ ራሴ ድምፄን አላወቅሁትም፤ ቀሎኝ ነበር፤ እንደ ጉድ ቀሎኝ ነበር።

መምህር ይርጋ መዝገባቸውን ገለጡ። ስሜን ከመደበኛው ዝርዝር ሰርዘው ከነፃው ግርጌ ጻፉት። «ነፃ ምድብ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሳጅን፣ ይህን ቅጽ ሳስፈርም ዓመታት አልፈዋል። ያልፈረመ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ።

ጠዋቱን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መደበኛውን ምድብ ተመለከትኩ። ታሪኩ አሸነፈ፤ ከነባጃጅ ብሎኑ። አጨበጨብኩለት። ጭብጨባዬ ከልብ ነበር ብል ትንሽ እዋሻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ መዋሸት አልፈልግም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከአራት ወንዶች ጋር ተሰለፍኩ። በሦስቱ ሽጉጥ ላይ ያ ቀይ ነጥብ የሚያሳየው መነጽር አለ። መሐላቸው ያለው ዋና ሳጅን ኤርሚያስ ነው፤ የቦንጋ ሰው፣ ያለፈው ውድድር አሸናፊ። ሽጉጤን አይቶ «እህቴ፣ ይሄን ይዘሽ የመጣሽው ለጥበቃ ነው ለውድድር?» አለኝ። ሳቅሁ። ማንም የማይጠብቀው ሰው መሆን እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። የምደብቀው የለኝም፤ የምሟገተው የለኝም፤ መተኮስ ብቻ።

የመጀመሪያውን ዙር ኤርሚያስ መራ። ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ግን የቦንጋ ሰማይ የለመደውን አደረገ፤ ጠዋት የተነሣው ጉም ተመልሶ ወደ ካባው ወረደ። ዒላማው ይታያል፤ መምህር ይርጋ ሄደው አረጋገጡና «ይቀጥላል» አሉ። ሆኖም አየሩ ረጥቦ የእነ ኤርሚያስ መነጽር በጤዛ ተሸፈነ። አንዱ በሸሚዙ ይጠርጋል፤ ሌላው በመሐረቡ፤ ጠርገው ቀና ሲሉ ተመልሶ ይሸፈናል። የእኔ ማነጣጠሪያ ብረት ነው፤ ጤዛ ቢያርፍበትም ያው ብረት ነው። ጣቶቼ ዋንዛው ላይ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ለቀቅሁ፤ ምላጩን ሳብኩ። ደግሜ። ደግሜ።

ነጥቡ ሲደመር እኔና ኤርሚያስ እኩል ወጣን። ካባው ተንጫጫ። ደንቡ እኩል ሲሆን አንዳንድ ጥይት ይተኮሳል ይላል። ኤርሚያስ መነጽሩን አጥርቶ ጠርጎ ተኮሰ፤ ዘጠኝ። መጥፎ አይደለም። ተራዬ ሆነ። ከኋላዬ ጋሽ ኮጪቶ በካፊኖኖ ፈጣሪን ሲለማመጡ ይሰማኛል፤ ኢንስፔክተር ደምሴ ደግሞ በአማርኛ እኔን ይለማመጣሉ። ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ሽጉጡ በእጄ ውስጥ የእጄ ቅጥያ ሆነ፤ ዓለም ዝም አለች፤ ሳብኩ።

መምህር ይርጋ ወደ ዒላማው ሄዱ። ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ቀና ብለው «አሥር!» ሲሉ ያ የማይቸኩለው ሰውዬ ራሳቸው ዘለሉ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ኢንስፔክተር ደምሴ አቅፈው ካነሡኝ በኋላ አዛዥ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው መሬት ጣሉኝ። ጋሽ ኮጪቶ አልቅሰዋል፤ «ጉም ነው፣ ዓይኔ ገባ» ይላሉ። ኤርሚያስ መጥቶ ጨበጠኝና «ያሸነፈኝ ጉሙ ነው» አለ።

«ጉሙ የሁላችንም ነው» አልኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የመጨረሻውን ቃል መናገር እስከዚያ ድረስ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ሳቀና ሽማግሌውን በዓይኑ ፈልጎ «አባት፣ ዋጫ የገበያ ቀን መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ታሪኩ ነበር። ከቦንጋ ብዙ ሳንርቅ መቻል አቃተኝ።

«ያን ቀን ሽማግሌው ያሉትን ሰምተሃል» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? መጀመሪያ የጠቆምከኝ አንተ አይደለህ?»

«መጀመሪያ የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትን ነው» አለ። «ሁለተኛው ግን ያንቺ ነበር። እኔ ብናገረው አንቺ ትሟገቺና ታሸንፊኝ ነበር። ከዚያ ውሸቱ ያንቺ ሆኖ ይቀር ነበር።»

መልስ አጣሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ይመስለኛል። እሱም ገባውና እስከ ጅማ ድረስ ሲስቅብኝ ሄደ።

እነሆ ዛሬ ከመዝገቡ ጠረጴዛ ተነሥቼ የወረዳችን የተኩስ አሠልጣኝ ሆኛለሁ። ሠልጣኞቼ «ይህ ዕቃ በየትኛው ምድብ ይፈቀዳል?» እያሉ ይጠይቁኛል። የደንቡን ገጽ አሳያቸዋለሁ፤ መጠኑን አሳያቸዋለሁ። ሆኖም መጠን የማይለካው አንድ ነገር እንዳለ፣ እሱን ዳኛውም ካሊፐሩም እንደማያውቁት እነግራቸዋለሁ። እናንተም የምታነቡኝ፣ ሽጉጥ ባትይዙም ያቺን ወረቀት አንድ ቀን ከፊታችሁ ታገኟታላችሁ። ሰዉ ሁሉ አሳልፏችሁ፣ የሚቀረው የእናንተ እጅ ብቻ የሆነበት ቀን ይመጣል። ፈርሙ ወይም አትፈርሙ ብዬ አልመክርም፤ ምክር እንዳልሰጥ፣ ያን ቀን እስክሪብቶውን ምን ያህል አጥብቄ እንደያዝኩት አልረሳሁም። ሳስቀምጠው ግን እንዴት እንደቀለለኝ፣ ያንን ብቻ ልነግራችሁ ፈለግሁ።

አዲስ አበባ ስንተኛ ወጣሽ ትሉኝ ይሆናል። ከአሥራ ሁለት ተወዳዳሪ አሥራ አንደኛ ወጣሁ። ዋጫ ስመለስ ሰዉ ሊያጽናናኝ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። እኔ ግን ከሚኒባሱ የወረድኩት እየሳቅሁ ነው፤ ያቺን አሥራ አንደኛነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትፈትሹ ከእኔ ያልሆነ አንድም ነገር አታገኙባትም።